ከመምጣቷ በፊት የነበሩት ሦስት ቀናት

አንድ ቀን ጠዋት ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። የሕፃናት መመዘኛው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሚዛኑን ፈተው ሲያስተካክሉ ቆዩና ጨርሰው መፍቻቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ተራዋ የደረሰ ወጣት እናት ልብሱን ያወለቀችለትን ጨቅላ ታቅፋ ቀረበች።

«ቆዪ የኔ ልጅ፣ አንዴ» አሉና ሁለት መዳፋቸውን የሚዛኑ ሳህን ላይ አሳርፈው ቆሙ።

ነርሷ ትዕግሥቷ አለቀ። «ጋሽ ግራም፣ ጨረስኩ አላሉም እንዴ?»

«ጨርሻለሁ። እየሞቀ ነው።»

ብረቱ እስኪሞቅ ጠበቁ፤ ከዚያ እጃቸውን አንስተው ለእናትየዋ በዓይናቸው ምልክት ሰጧት። ጨቅላው ድምፅ ሳያሰማ ተመዘነ። እናትየዋ ምን እንደተደረገላት ያወቀች አይመስለኝም። እኔ ግን አየሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአጋጣሚ ያሳየኝን አምላክ አመሰገንኩ።

ሲወጡ «እግዜር ይስጥልን» አልኳቸው።

«ለምኑ?»

«ለሳህኑ።»

«እሱ እንኳ ለሥራዬ ብዬ ነው» አሉ ፈጠን ብለው። «ብረት ሲቀዘቅዘው ሕፃን ይወራጫል። ሲወራጭ የሚዛኗ መርፌ አትቆምም።» ከዚያ ጣቶቼን አዩ፤ የደረቀ ሙጫ አይለቃቸውም። «አንተስ ምንድን ነው የምትሠራው?»

«መጽሐፍ እጠርዛለሁ።»

«ሱቅህ የት ነው?» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን መጡ። በጨርቅ ከረጢት ሰባት ደብተር ይዘዋል። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማሩኝ ሊጠረዙ የመጡልኝ መጻሕፍት ናቸው። ስለዚህ የመጣልኝን ሁሉ ሳልገልጥ አላልፍም። የመጀመሪያውን ደብተር ከፈትኩ። በየገጹ በእርሳስና በማስመሪያ የተሰመረ ትናንሽ ሳጥን፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣቦቹን የሚያያይዝ ቀጭን መስመር። ከሥር አንድ አንድ ፊደል፤ «ደ»፣ «እ»፣ «ቀ»።

«የአየር ጠባይ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። «የቤታችን አየር ጠባይ ነው። ‹ደ› ደረቅ ቀን፣ ‹እ› እርጥብ ቀን፣ ‹ቀ› ደግሞ ቀይ፣ የወር አበባ ነው። መስመሩ የሚስቴ ሙቀት ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

ደንግጬ ደብተሩን ልዘጋ ስል እጄን ያዙኝ። «አትዝጋው። ካላነበብከው የምጠይቅህን አትረዳውም።»

ከዚህ በታች ያለው እሳቸው በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ሙጫ እያማሰልኩ የሰማሁት ነው። ባለቤታቸውን «እሷ» እያሉ ስለነገሩኝ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ፤ ድፍረት አይሁንብኝ።

ጋሽ ግራም ዕድሜ ልካቸውን ሚዛን ሲጠግኑና ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። «ግራም» የሚለውን ስም ያወጣችላቸው ሚስታቸው ናት። ሁለተኛው ወንድ ልጃቸው ሲወለድ እሷ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ሐኪሙም «ሌላ እርግዝና አደጋ አለው» አለ። የእርግዝና መከላከያ እንክብሉ ለጤናዋ አልተስማማም፤ ራስ ምታቱ ከአልጋ አላስነሳት አለ። በዚህ ጊዜ በጤና ጣቢያው ያለች አንዲት ሲስተር ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጣ ተፈጥሯዊውን መንገድ አስተማረቻቸው።

ትምህርቱ አጭር ነው። የሴት ልጅ የጠዋት ሙቀት እንቁላሏ ከወጣ በኋላ ሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ ይልና የወር አበባዋ እስኪመጣ እዚያው ይቆያል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ፈሳሿ ይለወጣል፤ እርጥብ፣ የሚለጠጥ ይሆናል፤ ያኔ ፅንስ ይያዛል። እርጥቡ ካለፈ፣ ሙቀቱም ወጥቶ ሦስት ቀን ከቆመ፣ ባልና ሚስት ያለ ስጋት ይቀራረባሉ። በቀረው ጊዜ መታገሥ ነው። ሙቀቱ የሚለካው ግን ከመነሳት በፊት፣ ከመናገር በፊት፣ ውኃ እንኳ ከመጎንጨት በፊት፣ በአንድ ሰዓት ነው።

«እሷ ዓይኗ ደካማ ነበር» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ቀጭን መስመር ማንበብ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ እሷ ትለካለች፣ እኔ አነባለሁ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መለኪያውን ምላሷ ሥር ታደርጋለች። አምስት ደቂቃ ዝም። ‹ደህና አደርሽ?› ስላት ‹እም› ነው መልሷ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያች ሰዓት ከእሷ ‹እም› እንጂ ሌላ አልሰማሁም። ልጆቹ እንኳ ‹ዝም በሉ፣ እማዬ ሙቀት ላይ ናት› ይባባሉ ነበር።»

አንድ የቤት ሕግ ነበራቸው። መለኪያው የድሮው፣ ሜርኩሪ ያለበት መስታወት ነው፤ አንዴ ከወጣ ካላራገፉት አይወርድም። እሷ አንድ ጊዜ ስታራግፍ ከአልጋው ራስጌ አጋጭታ ሰበረችው። ከዚያ ወዲህ የለካው አያራግፍም፤ ወደ ቆርቆሮው ይመልሳል። የሚያራግፈው ያነበበው ነው፤ ማለት ጋሽ ግራም።

«ከዚያ ተሳሳትኩ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በሦስተኛው ዓመት ከጤና ጣቢያ የተፈተነ መለኪያ ተውሼ ሁለቱን አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከርኳቸው። የእኛው ሁለት ነጥብ ያጎድላል። ሚዛን ሁለት ግራም ሲያጎድል ምን አደርጋለሁ? እጨምራለሁ። ለእሷ ሳልነግራት ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ሁለት ነጥብ እየጨመርኩ ጻፍኩ። ወሩ እኩሌታው ላይ ነበር። መስመሩ ወጣ፤ እኔው ነኝ ያወጣሁት። ሦስት ቀን ቆጠርን። እሷ ‹ገና እርጥብ ይመስለኛል› አለች፤ እኔ ‹ቁጥሩ ወጥቷል› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«በዘጠኝ ወሩ ሴት ልጃችን ተወለደች። እናቷን ግን ይዛት ልትሄድ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሐኪሞቹ ዓይኔን አያዩኝም ነበር። እሷ ነፍሷ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሏ ምን መሰለህ? ‹ግራም፣ ስንት ጨምረህ ነው እንዲህ የከበደችው?› ልጅቷን ነጥብ አልናት። እኔ ግን ያን ቀን ማልኩ። ያነበብኩትን እንጂ ያስተካከልኩትን ዳግመኛ አልጽፍም።»

መሐላቸውን ጠበቁ። የእሷ የወር አበባ በዕድሜ እስኪቆም ድረስ ሌላ እርግዝና አልመጣም። መለኪያው ቆርቆሮው ውስጥ፣ እሷ በምትተኛበት በኩል ባለው መሳቢያ ተቀመጠ። የጠዋቷ አምስት ደቂቃ ዝምታ ግን ለምዶባቸው ቀረ።

ከዛሬ ዓመት ከመንፈቅ በፊት እሷ በአጭር ሕመም አረፈች። ጋሽ ግራም መኝታ ቤቱን ዘግተው ሳሎን ባለችው ጠባብ አልጋ መተኛት ጀመሩ። ጠዋት በዚያችው ሰዓት ብቻ ገብተው የአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ይጸልያሉ።

«ሞታ ዓመት ሊሆናት ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። አንድ ጠዋት ሳሎን ተኝቼ ነቃሁ። የቀሰቀሰኝን ድምፅ አውቀዋለሁ። መስታወት ጥርስ ሲነካ። ቅጭ ትላለች፣ በጣም ትንሽ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎኔ የሰማኋት ድምፅ ናት።»

ተነስተው ገቡ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። መሳቢያውን ሳቡ፤ ቆርቆሮውን ከፈቱ። ያን ሁሉ ዓመት ተራግፎ የተቀመጠው መለኪያ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት ላይ ቆሟል።

«የክፍሉን ሙቀት ለካሁ። አሥራ ስምንት ነው። የውጭው በር ተቆልፏል፤ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። አራገፍኩት። በማግስቱ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሦስት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አራት።»

«አልፈሩም?»

«ፈራሁ እንጂ! ግን ማንበብ የኔ ሥራ ነው። የስድስተኛው ደብተር መጨረሻ ላይ ግማሿ የተቀደደ አንዲት ቅጠል ነበረች። ሦስቱን ቀን እዚያች ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ቦታ አለቀ።»

በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነጥብ ሻንጣዋን ይዛ ከሌላ ከተማ መጣች። የተከራዩት ቤት ጣሪያ ፈርሶ እየተሠራ ነው፤ ባሏ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ብቻዋን ከምትሆን አባቷ ዘንድ ልትሰነብት ፈለገች። ነጥብ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ወርዶባታል፤ አንዱ በዘጠነኛው ሳምንት፣ አንዱ በአሥራ አንደኛው። ከሁለተኛው በኋላ «አባዬ፣ በቃኝ፤ ሁለተኛ ስለ ልጅ እንዳታነሳብኝ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም አላነሱም። በልጅነት ክፍሏ፣ ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ ባለው፣ አልጋ አነጠፉላት።

መለኪያው ግን አላቆመም። ጋሽ ግራም ሰባተኛ ደብተር ገዝተው መጻፋቸውን ቀጠሉ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሦስት፤ ነጥብ አራት፤ ነጥብ ሦስት። ልጅቷን ጨርሶ አልጠረጠሩም፤ ነገሩ የጀመረው ገና ሳትመጣ ነውና። የልጅቷ በር እስከ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ የተኛች ይመስላቸዋል። አማቻቸው አንድ ቅዳሜ መጥቶ ሁለት ሌሊት አድሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ወጣ። ነጥብ ሰባት፣ ነጥብ ሰባት፣ ነጥብ ስምንት።

«ይወርዳል ብዬ ጠበቅሁ» አሉ። «በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ አራት ቀን መውረድ አለበት። አሥራ አምስት ሆነ። አሥራ ስድስት። ሲስተር ያኔ ያስተማረችንን አስታወስኩ፤ ሙቀቱ ከወጣ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ካልወረደ ሴትየዋ ፀንሳለች። ወንድሜ፣ በዚያ በባዶ አልጋ ላይ ማን ነው የሚፀንሰው?»

ሙጫዬን ማማሰል አቆምኩ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከልማዳቸው ሩብ ሰዓት ቀድመው ተነሱ። ዛሬስ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ የሚመጣው ይምጣ ብለው። ገብተው ቆርቆሮውን ከፈቱ። ባዶ ነው። መለኪያው የለም። ግድግዳውን ተደግፈው ወደ መተላለፊያው ወጡ። በልጃቸው በር ሥር ቀጭን ብርሃን አለ።

«ነጥብ? ተነስተሻል እንዴ ልጄ?»

ከውስጥ «እም» አለች። አፏን ሳትከፍት።

«እዚያው ቆሜ ቀረሁ» አሉኝ። «እናቷ ራሷ ናት። ያው ድምፅ፣ ያው ሰዓት። ከዚያ ገባኝ። ማታ ወስዳ ንጋት ላይ ትለካለች፣ በስልኳ ትጽፋለች፣ በቤታችን ሕግ ሳታራግፍ ትመልሳለች፣ እኔ ከኋላዋ አነባለሁ። ‹በቃኝ› ያለችው ለእኛ ነው እንጂ ለራሷ አልነበረም። ምንም ሳልናገር ተመልሼ ተኛሁ። አልጋዬ ውስጥ ግን፣ ወንድሜ፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።»

ልጃቸው ካልነገረቻቸው እሳቸው እንደማያነሱ ለራሳቸው ቃል ገቡ። ሁለት ጊዜ ለሰው ነግራ ሁለት ጊዜ ከስራለች፤ በዚህኛው አፏን መዝጋቷ ገብቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንብበው፣ ጽፈው፣ አራግፈው ይወጣሉ። ሳምንቱን ይቆጥራሉ። ሰባት፣ ስምንት። ቁርስ ላይ ግን ወሬያቸው ስለ ጣሪያው ነው።

«ምነው ጣሪያው አላልቅ አለ?» ይሏታል።

«አባረህ ልትገላገለኝ ነው አባዬ?»

«እኔማ ለጣሪያው ብዬ ነው።»

በዘጠነኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ መለኪያው ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት አለ።

ጋሽ ግራም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ነጥብ ስምንት ብዬ ልጽፍ እርሳሴን አነሳሁ። እውነቴን ነው የምልህ። አፏን ከፍታ አድራ ይሆናል፣ በርዷት ይሆናል፣ አልኩ። ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ ምን አላት? እጄ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ አራት ብዬ ጻፍኩና በእናቷ ጎን አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። በሩን ዘግቻለሁ። መለኪያው እጄ ውስጥ ነው። እና ከኋላዬ፣ ከትራሷ በኩል፣ ቅጭ አለ።»

«ምኑ?»

«መስታወት ጥርስ ሲነካ። መስታወቱ እኮ እጄ ውስጥ ነው እያልኩህ! አልዞርኩም። አምስቱን ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ዝም ብዬ፣ እንደ ድሮው። ሲያልቅ ትራሱን አየሁት። ምንም የለም። በማግስቱ መለኪያው ነጥብ ዘጠኝ አለ። ከዚያም አልወረደም።»

«ተመስገን» ብቻ አልኩ። እሳቸውም «ተመስገን» አሉ።

ዘጠነኛው አለፈ። አሥራ አንደኛው አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ነጥብ ጠዋት ከክፍሏ ወጥታ መለኪያውን ለአባቷ በእጃቸው ሰጠቻቸው።

«አባዬ፣ አራግፈው። ከዛሬ በኋላ አያስፈልገኝም። ሐኪሙ የልብ ትርታውን አሰማኝ።»

ለመደነቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ታውቅ ነበር!» አለቻቸው። «አንተ ሰውዬ! በየጠዋቱ ማን ነው ታዲያ ሲያራግፈው የነበረው? እኔ እኮ አንተ በልማድ ሳታይ የምታራግፈው መስሎኝ ነበር!»

«እኔ ሳላይ አራግፌ አላውቅም» አሏት። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እንባቸውን ሲጨርሱ አባት አንድ ነገር ጠየቁ፤ ነገሩን እንደ ቀላል አስመስለው። «መቼ ነው መለካት የጀመርሽው?»

«በመጣሁ በማግስቱ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት መለኪያው ከአንተ ዘንድ አይደል እንዴ? ደግሞ እኮ ሐሳቡም አልነበረኝም አባዬ። እንዳልኩት በቅቶኝ ነበር። የመጣሁ ዕለት ግን እማዬ ናፍቃኝ መኝታ ቤት ገባሁ። ቆርቆሮውን ከፈትኩ፤ መለኪያውን በእጄ ያዝኩት።» እዚህ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሞቃት ነበር። ልክ አሁን ከአፏ ያወጣችው ዓይነት። ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል አልኩ። ግን ያን ሌሊት፣ ነገ ብለካስ፣ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።»

መሳቢያው ዝግ ነው፤ ፀሐይ አይደርስበትም። አባትየው ግን ይህን አልነገሯትም። ስለ ሦስቱ ቀናትም አልነገሯትም።

አሁን ነጥብ ስድስተኛ ወሯ ነው። ጣሪያው አልቋል፤ እሷ ግን እስክትወልድ ከአባቷ ዘንድ ነች። «የእማዬን ደብተሮች ስጠኝ፣ አንተ የኔን ከጻፍክበት ጋር አንድ ላይ ይሁኑልኝ፤ ልጄ ስታድግ አሳያታለሁ» አለቻቸው። ሴት እንደምትሆን ማን እንደነገራት አይታወቅም። ደብተሮቹ ወደ እኔ የመጡት ለዚህ ነው።

ጋሽ ግራም ነግረውኝ ሲጨርሱ ከደረት ኪሳቸው ያቺን ግማሽ ቅጠል አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ሦስት ነጠብጣብ፣ አንድ አጭር መስመር። ከሥር ቀኑ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። አነሳኋት። ወረቀቷ ሞቃ ነበረች፤ ደረታቸው ላይ ስለቆየች ይሆናል።

«ብትጨመር ቀኑን ትቆጥራለች» አሉኝ። «የኔ ልጅ ናት፣ ትቆጥራለች። ከመምጣቷ በፊት መሆኑን ታያለች። ሆድ ይዛ እንድትፈራብኝ አልፈልግም። ወይም ደግሞ አትፈራም ይሆናል፤ እናቷ ቀድማ ስትጠብቃት እንደነበር አውቃ ትጽናና ይሆናል። አላውቅም። ባስቀራት ግን አስተካከልኩ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አስተካክዬ ሚስቴን ልቀብር ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎት?»

ተነስተው ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ቅጠሏን እጄ ውስጥ እንዳለች በመዳፋቸው ሸፈኗት፤ ያን ቀን የሚዛኑን ሳህን እንደሸፈኑት።

«አንተ ወስንልኝ። ወይ በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ትጠርዛታለህ፣ ወይ ታስቀራታለህ። ከመወሰንህ በፊት ግን ጸልይባት፤ የምትጸልይ ሰው ትመስለኛለህ። ስትጨርስ በወረቀት ጠቅልለህ ለልጄ በእጇ ስጣት፤ እኔ አልከፍተውም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ የቱን እንዳደረግህ ለእኔ አትንገረኝ።»